ድስቱ ዝም ሲል

ሙያ የሌለውን ሰው ለማማት ከሚባሉት ሁሉ የሚብሰው «ውሃ ማፍላት እንኳ አይችልም» የሚለው ነው። እኔ ይሄን ሐሜት ስሰማ የምስቅ ሰው ነበርኩ። ውሃ ማፍላት ምን ሙያ አለው? ድስት ትጥዳለህ፣ እሳት ትለኩሳለህ፣ ትጠብቃለህ። አለቀ።

ብቻዬን መኖር በጀመርኩበት ወር ግን ሐሜቱ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። ፓስታዬ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ገመድ ይወጣል። የምቀቅለው እንቁላል ድስቱ ውስጥ ይፈነዳና ነጩ እንደ ጥጥ ይንሳፈፋል። ድንቹ ላዩ ይፈራርሳል፣ መሃሉ ጥሬ ነው። አንድ ምሽት ተስፋ ቆርጬ ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ፓስታውን ውሃው ሳይፈላ ነው የምትጨምረው» አለችኝ ገና ሳልጨርስ።

«ኧረ ፈልቷል! አረፋ አውጥቶ አይቼው ነው።»

«አሁን ጥደሃል?»

«አዎ፣ ፊቴ ነው።»

«ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋው።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። አስጠጋሁት። ትንሽ ቆይታ «ገና ነው፣ እየጮኸ ነው እኮ። ዝም ሲልልህ ጨምር» አለች።

ዝም ሲል? የተሳሳተች መሰለኝ። ውሃ እየፈላ ሲሄድ ይበልጥ ይጮኻል እንጂ ዝም ይላል እንዴ? ግን ታላቅ ናት፣ ጠበቅኩ። ጩኸቱ ሽሽሽ እያለ ጨመረ፣ ጨመረ። ከዚያ ድንገት ለዘብ አለ። በምትኩ ወፈር ያለ፣ ረጋ ያለ የመንተክተክ ድምፅ መጣ። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ይገለባበጣል። «አሁን» አለችኝ ከስልኩ ውስጥ። ያን ቀን ፓስታዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ በአንድ ወጣ።

እህቴ ነገሩን የምታውቀው በጆሮዋ ነው። እኔ ደግሞ ነገሩ ካልገባኝ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ስለዚህ ምክንያቱን ፈለግኩ። ድስት ጥዳችሁ ብታዩ መጀመሪያ ጎኑና ወለሉ ላይ ጥቃቅን አረፋዎች ይለጠፋሉ። እኔን ያታለሉኝ እነዚህ ናቸው። የፈላ ውሃ አረፋ ሳይሆኑ አየር ናቸው። ውሃ ውስጥ የሟሟ አየር አለ፤ ውሃው ሲሞቅ መያዝ ስለማይችል ይለቀዋል። ውሃው ገና ሞቅ ያለ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህ ይታያል።

ቀጥሎ ጩኸቱ ይመጣል። እሳቱን የሚነካው ወለሉ ስለሆነ እዚያ ያለው ውሃ ቀድሞ ወደ እንፋሎት ይቀየራል። የእንፋሎቱ አረፋ ተላቆ ወደ ላይ ሲወጣ ከላይ ያለው ውሃ ገና አልሞቀም። አረፋው ቀዝቀዝ ያለውን ውሃ ሲያገኝ ይጨማደድና ጭብጥ ብሎ ይጠፋል። ያ ሽሽሽ የሚለው የብዙ ሺህ ትናንሽ አረፋዎች መሰበር ነው። ውሃው በሙሉ ሲሞቅ ግን አረፋው መንገድ ላይ የሚሰብረው የለም። ሰላም ብሎ ላይ ይደርሳል። ድስቱ ዝም የሚለው ለዚህ ነው። እህቴ ይህን ስነግራት «ታዲያ ምን አልኩህ?» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ከዚያ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ገዛሁ። እውነቱን ለመናገር ከምግቡ ይልቅ ቁጥሩን ማየት ነው የሚጥመኝ። ድስቱ ሲፈላ ቁጥሩ አንድ ቦታ ቆመ። እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ውሃው አበደ፣ ምድጃው ላይ ይረጫል፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ይሄ ነው እንግዲህ በከንቱ ጋዝ ሳቃጥል የነበርኩበት ጉድ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት አይሞቅም። ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ። 20 ዲግሪ ላይ ያለን አንድ ሊትር ውሃ 100 ዲግሪ ለማድረስ 335 ኪሎጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይፈልጋል። ያንኑ ሊትር በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመቀየር ደግሞ 2,257 ኪሎጁል ያህል፣ ማለትም ከስድስት እጥፍ ተኩል በላይ የሆነ ጉልበት ይወስዳል። ይህን የተደበቀ ሙቀት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ነው። በቴርሞሜትር የማይታይ ግን የሚበላ ሙቀት አለ ማለቱ ነበር። እኔ በጋዝ ሲሊንደሬ ነው የተረዳሁት። አሁን ውሃው እንደፈላ እሳቱን ዝቅ አደርጋለሁ። መፍላቱ እስካልተቋረጠ ድረስ ትንሿም ትልቋም ነበልባል ድንቹን እኩል ነው የምታበስለው።

መቶ ዲግሪ ስል ግን ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ ውሃው በትንሽ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። 2,000 ሜትር ላይ 93 ገደማ፣ 3,000 ሜትር ላይ 90 ገደማ ነው። ኤቨረስት ጫፍ ላይ ውሃ የሚፈላው 70 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ሰው ድስት በኃይል እየተንተከተከ ምግቡ አልበስል ቢለው አይገርምም፤ ፈላ ማለት ሞቀ ማለት አይደለም።

በዚህ ላይ የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1835 ቻርልስ ዳርዊን የአንዲስን ተራሮች ሲያቋርጥ ከፍታው ላይ አደሩ። ድንች ጥደው ለሰዓታት ቀቀሉ፣ አልበሰለም። ሌሊቱን ሙሉ እሳት ላይ ተዉት፣ ጠዋት ደግመው አፈሉት፣ አሁንም አልበሰለም። አብረውት የነበሩት ሁለት ሰዎች ተመካክረው ጥፋቱ የድስቱ ነው ብለው ደመደሙ፤ ድስቱ አዲስ ነበርና ድንች መቀቀል አልፈለገም አሉ። እኔ እነሱን ለመሳቅ ሞራል የለኝም። ያን ሰሞን ጥፋቱን ሁሉ ምድጃዬ ላይ ሳላክክ ነበር።

መድኃኒቱ ከዳርዊን በፊት ተገኝቶ ነበር። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 ክዳኑ የሚታሰር ድስት ሠርቶ ለንደን ውስጥ አሳየ። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ውሃውም ሳይፈላ ከመቶ ያልፋል። ዛሬ በየቤቱ የሚያፏጨው ፕሬሸር ኩከር የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ ውስጡ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ባቄላና አደንጓሬ በግማሽ ሰዓት የሚልሞሰሞሰው ለዚህ ነው።

ስለ ዲግሪ ካነሳን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሲየስ እ.ኤ.አ. በ1742 መለኪያውን ሲያወጣ የፈላ ውሃ ዜሮ፣ በረዶ የሚሆነው መቶ ነበር። ከሱ በኋላ ነው የተገለበጠው። ባይገለበጥ ኖሮ «ድስቱ ዜሮ ደርሷል» እንል ነበር።

ወደ ምድጃው ልመለስ። እህቴ በሁለተኛው ስልክ ያስተማረችኝ ነገር «መፍላት አንድ ዓይነት አይደለም» የሚል ነው። ለፓስታ ሙሉ በሙሉ የሚገለባበጥ ውሃ ያስፈልጋል። ፓስታው ሲገባ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ወዲያው እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ውሃው እየገላበጠ ካልለያየው ይጣበቃል። ደግሞ ፓስታው ራሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ገና ሲገባ ውሃውን ያበርደዋል። ትንሽ ውሃ ከሆነ መፍላቱን ጭራሽ ያቆማል። በመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ማማሰል የሚባለው ለዚህ ነው።

እንቁላል ግን እንዲህ ያለ ግርግር አይወድም። የኔ ይፈነዳ የነበረው በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከድስቱ ወለል ጋር እየተላተመ ነው፤ በዚያ ላይ ወፍራም ጫፉ ላይ ያለችው አየር ስትሞቅ ትለጠጣለች። አሁን ውሃውን አፈላለሁ፣ እሳቱን ዝቅ አደርጋለሁ፣ እንቁላሉን በማንኪያ ቀስ አድርጌ አስቀምጣለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከተጣደው ይልቅ እንዲህ የገባው ልጣጩ በቀላሉ ይለቃል። ድንች ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር አብሮ ይጣዳል። በፈላ ውሃ ከገባ ሙቀቱ መሃሉ እስኪደርስ ላዩ ይፈርሳል። የኔ ድንች ሚስጥር ይሄው ነበር።

አረንጓዴ አትክልት በብዙ ውሃ፣ በኃይለኛ ፍላት፣ ክዳን ሳይደረግበት፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። አትክልቱ ሲበስል የሚለቀው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር ይውጣ፤ ከታፈነ አረንጓዴው ወደ ቡኒ ይሄዳል። ሩዝ አንዴ ከፈላ በኋላ ክዳን ተደርጎ በትንሽ እሳት። ሥጋ ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ በሚል ውሃ፤ በኃይል ከፈላ ይደርቃል። ለአረንጓዴ ሻይ የፈላው ውሃ ትንሽ በረድ ቢል ይሻላል፣ 80 ዲግሪ አካባቢ፤ አለዚያ ይመራል።

ጨው ላይ ደግሞ ከጓደኛዬ ጋር ተጣልተናል ማለት ይቻላል። «ጨው ስትጨምር ቶሎ ይፈላል» ይላል። አይፈላም። እንዲያውም ጨው የመፍያውን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ግን በጣም ትንሽ ነው። የአንድ ሊትር ውሃን የመፍያ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ለማሳደግ 58 ግራም ገደማ ጨው ያስፈልጋል። ያንን ማን ይበላዋል? ለፓስታ የምንጨምረው በሊትር 10 ግራም ያህል ነው፤ ለውጡ ከአንድ ዲግሪ አምስተኛ አይደርስም። ጨው ለጣዕም ነው። እሱ አሁንም አላመነም። እንቁላል ቀቅሎ ሲያመጣልኝ ዝም ብዬ እበላለሁ።

ጨውን ግን መቼ እንደምጨምር በዋጋ ተምሬያለሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ላይ እበትነው ነበር። ጨው ሳይሟሟ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሲሞቅ የማይዝገውን ብረት ራሱን ይበላዋል። የመጀመሪያው ድስቴ ወለል የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ፊት ይመስላል። አሁን ውሃው ሲሞቅ ወይም ሲፈላ ጨምሬ አማስላለሁ። በፈላ ውሃ ላይ ጨው ሲገባ ድንገት ግንፍል ስለሚል እጃችሁን አርቁ።

ቀዝቃዛ ውሃ ከሙቅ ውሃ ቀድሞ ይፈላል የሚሉም አሉ። ውሸት ነው። ቀዝቃዛው የሞቀው ያለበት ሙቀት ላይ መድረስ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ነው ሩጫው እኩል የሚሆነው። ያም ሆኖ ለማብሰያ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ውሃ ቦይለር ውስጥ ተኝቶ የቆየ ነው። ሙቅ ውሃ ደግሞ አሮጌ ቧንቧ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ካለ ከቀዝቃዛው በበለጠ ያሟሟዋል። ማፍላት እርሳሱን አያጠፋውም። ውሃው ሲተን እርሳሱ ድስት ውስጥ ይቀራል፣ እንዲያውም ይበረታል።

ለመጠጥ ብላችሁ የምታፈሉ ከሆነ ነገሩ ከምግቡ የተለየ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ምክር ሙሉ በሙሉ ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ይህ ጀርም ይገድላል። ኬሚካል ግን አያስወግድም።

ክዳን ግጠሙ ብዬ መምከር ያሳፍረኛል፣ ሁሉም ያውቀዋል። ግን ምድጃው አጠገብ ክዳኑን ከፍቶ ቆሞ «ፈላ ወይ?» እያለ የሚያየው ማን ነው? እኔ ነኝ። በከፈትኩት ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል። ጆሮ ካለ ክዳን መክፈት አያስፈልግም። ሌላው የነበልባሉ ነገር ነው። ሰማያዊው እሳት ከድስቱ ወለል አልፎ ጎኑን እየላሰ ከሆነ የምታሞቁት ድስቱን ሳይሆን ክፍሉን ነው። መያዣውንም ያቃጥለዋል።

አሁን የምነግራችሁን እህቴ አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ውሃ ጥጄ ስልክ አነሳሁ። ወሬው ጣፈጠ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሆነ የብረት ሽታ መጣ። ድስቱ ባዶ ነበር፣ ወለሉ ቀስተ ደመና መስሏል። ደንግጬ ቀጥታ ቧንቧው ሥር ከተትኩት። አንድ ትልቅ «ጭሽሽ» አለ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ሊገርፈኝ ምንም አልቀረውም፣ ወለሉም «ጧ» ብሎ ጎበጠ። ያ ድስት እስከ ዛሬ ምድጃ ላይ ሲቀመጥ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። ደርቆ የጋለ ድስት ካጋጠማችሁ እሳቱን አጥፉና ዝም ብላችሁ ተዉት። በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ።

እንፋሎት ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል። ያ የተደበቀ ሙቀት ቆዳችሁ ላይ ወደ ውሃ ሲመለስ በሙሉ ይለቀቃል። ስለዚህ ክዳን ስትከፍቱ ከእናንተ የራቀውን ጠርዝ አስቀድማችሁ አንሱ፤ ክዳኑ እንደ ጋሻ ይሁንላችሁ። ከተቃጠላችሁ ደግሞ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ። ቅቤ የለም፣ የጥርስ ሳሙና የለም፣ በረዶም የለም።

በማይክሮዌቭ ውሃ የሚያፈሉም አሉ። እኔ አልወደውም። ልስልስ ባለ ኩባያ ውስጥ ውሃው አንድ አረፋ ሳያሳይ ከመፍያው ሙቀት ሊያልፍ ይችላል። ሳይፈላ የተቀመጠ ይመስላል፤ ማንኪያ ሲገባበት ግን ይፈነዳል። የግድ ከሆነ ከመጀመሪያው የእንጨት ማንኪያ ነገር ውስጡ ይቀመጥ፤ አረፋው የሚነሳበት ሸካራ ቦታ ያገኛል። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ድምፅ አለመኖሩ ነው።

ባለፈው ወር የኤሌክትሪክ የውሃ ማፍያ ገዛሁ። 2,000 ዋት ነው። አንድ ሊትር በሦስት ደቂቃ ገደማ ያፈላል፤ የሙቀቱ አብዛኛው ክፍል ውሃው ውስጥ ስለሚገባ ከድስት ይፈጥናል። ለፓስታም ውሃውን በሱ አፍልቼ ድስት ላይ እገለብጠዋለሁ። ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሲያወጣ ኮምጣጤና ውሃ እኩል አድርጌ አፍልቼ እተወዋለሁ፤ ቅርፊቱ ይሟሟል። ሲፈላ ደግሞ ራሱ ይጠፋል። ለእህቴ በኩራት ነገርኳት። «እና ጆሮህ ምን ሊሠራ ነው?» አለችኝ።

ባለፈው እሑድ ሞልቼው ወደ ሌላ ክፍል ሄድኩ፣ ልብስ አጥፋለሁ። ከሩቅ ሽሽሽ ይላል። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ለዘበ። ቀጭ ብሎ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ቀጭ አላለም። ውፍር ያለው የመንተክተክ ድምፅ ብቻ ቀጠለ፣ ቀጠለ። ያን ጊዜ ሸሚዙን ጥዬ ሮጥኩ። ማጥፊያው የሚሠራው እንፋሎቱ ከክዳኑ ሥር ታፍኖ በጠባብ ቀዳዳ ወርዶ ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበትን ሳህን ሲያሞቀው ነው። ሳህኑ ይጎብጥና ማብሪያውን ይገፋል። እኔ ደግሞ ክዳኑን ሳልገጥም ሄጃለሁ። ወጥ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ ነበር፣ ከውሃው ግማሹ አለ።